ስቴቱ ማሪዋናን ሕጋዊ ሲያደርግ፦ የተለያየ ወረቀት የያዙ ሰዎች በሚኖሩበት ቤት ክርክሩንና ሕጉን እንዴት ማንበብ እንደሚገባ

እ.ኤ.አ. በ2022 ከኖቬምበሩ ምርጫ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ በሜሪላንድ ስቴት ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው የአክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ በፖስታ የመጣላት የድምፅ መስጫ ወረቀት ከስኒዎቹ አጠገብ ተዘርግቶ ነበር። አክስቴ ዜግነት ካገኘች ቆይታለች፤ ልጇ ግሪን ካርድ አለው፤ ቤዝመንት የሚኖረው የእኅቷ ልጅ ደግሞ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አልተወሰነለትም። የሜሪላንድ አራተኛው ጥያቄ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ ዕድሜው ቢያንስ 21 ዓመት የሆነ ሰው ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሜሪላንድ ስቴት ካናቢስ (ማለትም ማሪዋና) መጠቀሙ ሕጋዊ እንዲሆን ይደግፋሉ ወይ የሚል። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ ካነበበችው በኋላ፣ «ይህ ካለፈ እንግዲህ ለሁላችንም ተፈቀደ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችን። ጥያቄው ከመራጩ ሁለት ሦስተኛ በሚያህል ድምፅ አለፈ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ለተቀመጡት ሦስት ሰዎች ግን ትርጉሙ ሦስት ዓይነት ነበር። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው እንደዚያ ላለ ቤት ነው፤ ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ «ሕጋዊ» የሚለውን ቃል የተናገረው ማን እንደሆነ ይለዩ። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ሰው ላይ ሁለት ሕጎች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ አንዱ የሚኖርበት ስቴት ሕግ ሲሆን ሌላው የፌደራሉ ነው። የፌደራሉ መንግሥት በ1970 ባወጣው የአደገኛ ዕፆች መቆጣጠሪያ ሕግ ማሪዋናን ከሄሮይን ጋር እጅግ ጥብቅ በሆነው በአንደኛው የዕፅ መደብ አስፍሮታል። ካሊፎርኒያ በ1996 ለሕክምና በመፍቀድ ቀዳሚ ሆነች፤ በ2012 ደግሞ ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት ከሕክምና ውጭም ለአዋቂዎች እንዲፈቀድ በሕዝብ ድምፅ ወሰኑ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን መንገድ የተከተሉት ስቴቶች ከዋሽንግተን ዲሲ ሌላ ሃያ አራት ደርሰዋል። ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 በካሊፎርኒያ ጉዳይ ላይ እንደወሰነው፣ ስቴቱ ቢፈቅድም የፌደራሉ ክልከላ ኃይሉን አያጣም። የፍትሕ ሚኒስቴር በ2013 ስቴቶች በሚገባ በሚቆጣጠሩት ንግድ ላይ ትኩረት እንደማያደርግ ለዐቃቤ ሕጎቹ መመሪያ ሰጥቶ ነበር፤ መመሪያው ግን በጃንዋሪ 2018 ተሽሯል። ስለዚህ ስቴቱ ፈቀደ ማለት የስቴቱ ፖሊስ አይዝም፣ የስቴቱ ዐቃቤ ሕግ አይከስም ማለት ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው የፌደራሉ መንግሥት ተስማማ ማለት አይደለም። በ2024 ማሪዋናን ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው መደብ የማውረድ ሐሳብ በይፋ ቀርቧል፤ ነገር ግን ሦስተኛው መደብም ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ መደብ ነው፤ የኢሚግሬሽን ሕጉም በመደቦቹ መካከል ልዩነት ሳያደርግ ሁሉንም በአንድነት ስለሚጠቅስ፣ «ወደ ሦስት ወርዷል» የሚለው ዜና ግሪን ካርድ የያዘን ሰው ሊያዘናጋው አይገባም።

ቀጥሎ የሚቀርበው ጥያቄ ምን ዓይነት እንደሆነ ይመርምሩ። ለሕክምና ብቻ መፍቀድ አንድ ነገር ነው፤ ይዞ መገኘትን ከወንጀልነት አውጥቶ በገንዘብ ቅጣት ብቻ እንዲታለፍ ማድረግ ሌላ ነው፤ ሱቅ ተከፍቶ፣ ፈቃድ ተሰጥቶና ግብር ተጥሎ እንዲሸጥ ማድረግ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። በማኅበራችን ውስጥ የምሰማው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱን ቀላቅሎ «ሐሺሽ ሊፈቀድ ነው» በሚል አንድ አባባል ይጠቀልላቸዋል፤ በዚህም የተነሣ አንዱ ስለ እስር ሲናገር ሌላው ስለ ሱቅ እየመለሰለት ሁለቱም ሳይግባቡ ይለያያሉ። ቨርጂኒያን ለምሳሌ ይውሰዱ፦ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ አዋቂ ሰው እስከ አንድ አውንስ እንዲይዝና በቤቱ እስከ አራት ተክል እንዲያበቅል ፈቀደች፤ ለአዋቂዎች የሚሸጥበትን ሱቅ ግን በዚያው ሕግ አላቋቋመችም፤ በኋላ ሽያጭን ለመፍቀድ የወጡትን ሕጎችም የያኔው አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን በ2024 እና በ2025 ውድቅ አድርገዋቸዋል። በዚህ መካከል አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው መያዝ ይችላል፤ ከሜሪላንድ ሱቅ ገዝቶ ድልድዩን ተሻግሮ ቢመለስ ግን ከስቴት ወደ ስቴት በማጓጓዝ የፌደራሉን ሕግ ይጥሳል።

ማለፍና አለማለፉንም በድምፅ ቁጥር ብቻ አይገምቱ። ፍሎሪዳ ውስጥ በ2024 ከመራጩ 56 በመቶ ያህሉ ቢደግፈውም፣ የስቴቱን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል 60 በመቶ ስለሚያስፈልግ ሐሳቡ ወድቋል። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ደግሞ በ2020 በሕዝብ ድምፅ ያለፈውን ማሻሻያ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ሽሮታል፤ ምክንያቱም አንድ ማሻሻያ ከአንድ ጉዳይ በላይ መያዝ የለበትም የሚል ነበር። ስለዚህ በምርጫው ማግሥት «ተፈቅዷል» የሚል መልእክት በቫይበር ወይም በቴሌግራም ሲደርስዎ፣ ሕጉ የሚጸናበትን ቀን ሳያረጋግጡ ለማንም አያስተላልፉ።

ሦስተኛው ሥራ ከጥያቄው በስተጀርባ ያለውን ዝርዝር ሕግ ማንበብ ነው፤ እኔ ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል የምለውም ይህንን ነው። የሜሪላንዱ ጥያቄ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን እንጂ፣ መጠኑን፣ ቅጣቱንና ሽያጩን የሚወስኑት ምክር ቤቱ ለብቻቸው ያወጣቸው ሕጎች ናቸው። በእነርሱ መሠረት አዋቂ ሰው ሊይዝ የሚችለው እስከ አንድ አውንስ ተኩል ነው። ይህን ቁጥር ወደ ግራም ይለውጡት፤ አንድ አውንስ 28 ግራም ከትንሽ ነውና አንድ ተኩሉ ወደ 42 ግራም ተኩል ይመጣል። የፌደራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዕፅ ጉዳይ ጥፋተኛ ሲባል ከአገር እንዳይባረር የሚያደርግለት ልዩ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ለራሱ መጠቀሚያ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና ይዞ በመገኘት የተፈጸመ አንድ ጥፋት ነው። አክስቴ የበርበሬና የኮረሪማ መመዘኛዋን አምጥታ፣ በትንሽ ሳህን ላይ ደረቅ በሶብላ እያደረገች 30 ግራሙንና 42 ግራሙን ለልጇ ጎን ለጎን አስቀምጣ አሳየችው። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት እፍኝ አይሞላም ነበር፤ ስቴቱ የፈቀደው መጠን የፌደራሉን ወሰን ምን ያህል እንደሚያልፍ ግን ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ሁኔታ ታየ።

ያ ልዩ ሁኔታም ቢሆን የሚያገለግለው ከመባረር ለመዳን እንጂ ከአገር ወጥቶ ለመመለስ አይደለም። የጥፋተኝነት ፍርድ ያለበት ወይም ድርጊቱን መፈጸሙን ለኢሚግሬሽን መኮንን ያመነ ሰው፣ አዲስ አበባ ዘመድ ጠይቆ በደለስ ኤርፖርት ሲመለስ፣ እንደ አዲስ ገቢ ተቆጥሮ እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል። ስቴቱ የቀድሞ ጥፋቶችን ከመዝገብ ሲሰርዝ ወይም ምሕረት ሲሰጥም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሜሪላንድ አገረ ገዥ ዌስ ሙር በጁን 2024 ከ175,000 በላይ ለሚሆኑ ከማሪዋና ጋር የተያያዙ የጥፋተኝነት ፍርዶች ምሕረት ሲያደርጉ ብዙ ቤተሰብ እፎይ ብሏል፤ ይሁን እንጂ ስቴቱ የሰረዘውን ኢሚግሬሽን አሁንም እንደ ጥፋተኝነት ሊቆጥረው ስለሚችል፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው ጉዳዩ አለቀ ብሎ ወረቀቱን መጣል የለበትም።

የክርክሩን ሐሳቦች ለመመዘን ደግሞ እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን ሐሳብ ወስጄ ሕጉ ለዚያ ነገር ምን እንደሠራለት በጽሑፉ ውስጥ እፈልጋለሁ። ደጋፊዎች አስቀድመው የሚያነሡት ፍትሕን ነው። የአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ኅብረት በ2020 ባወጣው ጥናት፣ ጥቁሮችና ነጮች በተቀራራቢ መጠን ቢጠቀሙም፣ ጥቁሮች በማሪዋና ይዞታ የመታሰር ዕድላቸው ከነጮች ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ መሆኑን አሳይቷል። ይህ የእኛንም ልጆች የሚመለከት ነው፤ መንገድ ላይ የሚያስቆም ፖሊስ የአባትን አገር አይጠይቅምና። እኔም እስርን ማቆም ተገቢ ነው ብዬ ከልቤ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ረቂቁ እስሩን ከማስቆም አልፎ የቆየውን መዝገብ በራሱ ይሰርዛል ወይስ እያንዳንዱ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲያመለክት ያስገድዳል የሚለውን ይመልከቱ።

ሁለተኛው መከራከሪያ ገንዘብ ነው። «ግብሩ ለትምህርት ቤት ይውላል» ሲባል፣ የትኛው ግብር፣ ምን ያህሉና ለምን ሥራ እንደሚውል ይጠይቁ። ኮሎራዶ በ2012 ያጸደቀችው ማሻሻያ በየዓመቱ ከኤክሳይዝ ታክሱ የመጀመሪያው 40 ሚሊዮን ዶላር ለትምህርት ቤት ግንባታ እንዲውል ይላል፤ ግንባታ ማለት ሕንፃ ነው፣ የመምህር ደመወዝ ግን አይደለም። ይህን ለይቶ ያወቀ መራጭ በኋላ «ገንዘቡ የት ገባ?» ብሎ አይደናገርም።

ተቃዋሚዎች የሚያነሡት የጤናና የልጆች ጉዳይ በእኔ ግምት ከሚሰጠው ትኩረት በላይ ይገባዋል። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው በቅጠል መልክ ብቻ አይደለም፤ ኃይሉ የተጠናከረ ዘይት አለ፤ ከረሜላና ቸኮሌት የሚመስልም አለ። የሚበላው ዓይነት ስሜቱ የሚመጣው ከሠላሳ ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በመሆኑ፣ አልሠራልኝም ብሎ የደገመ ሰው በኋላ ይታመማል። ኮሎራዶ ውስጥ አንድ መጠን 10 ሚሊግራም ተብሎ ተወስኗል፤ አንዱ ፓኮ ግን እስከ 100 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል። በእኛ ቤት ደግሞ የእንግዳ ልጅ ከጠረጴዛ ላይ ያገኘውን ከረሜላ አንሥቶ ቢበላ ማንም አይቆጣውም። ስለዚህ ረቂቁ ስለ ማሸጊያ፣ ስለ ማስታወቂያ፣ ሱቁ ከትምህርት ቤት ስለሚርቅበት ርቀትና ከተማው ሱቅ አልፈልግም የማለት መብት እንዳለው ወይም እንደሌለው የሚለውን ፈልገው ያንብቡ። ይህ የመጨረሻው መብት ባለበት ስቴት፣ ዋናው ክርክር ካበቃ በኋላ በከተማው ምክር ቤት ውስጥ ይቀጥላል፤ የወላጅ ድምፅ ይበልጥ የሚሰማውም እዚያ ነው።

ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ብቻ መሆኑን በቤት ውስጥ በግልጽ ይነጋገሩ። የማስታወቂያ ወረቀት በስሙ ስለመጣለት ብቻ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በስቴት ጥያቄ ላይ ድምፅ ቢሰጥ፣ ድርጊቱ ራሱ ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። እንደ ታኮማ ፓርክ ያሉ የሜሪላንድ ከተሞች ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማ ምርጫ እንዲሳተፉ መፍቀዳቸውም ይህን አይለውጠውም።

ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ ክርክሩን በየትኛውም ወገን ቢደግፍ፣ ዜግነቱን እስኪያገኝ ድረስ ከነገሩ ፈጽሞ መራቅ አለበት። አለመጠቀም ብቻውን አይበቃም። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት በኤፕሪል 19 ቀን 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ በፈቀደው የማሪዋና ድርጅት ውስጥ መሥራት እንኳ ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ጠባይ ሊያሳጣ እንደሚችል ገልጿል፤ በዚያው ሰሞንም ዴንቨር ውስጥ በዚህ ዘርፍ በመሥራታቸው ዜግነት የተከለከሉ ሁለት ስደተኞች ጉዳያቸው በአደባባይ ተሰምቷል። በአውሮራና በዴንቨር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ሩቅ ነገር አይደለም፤ የጥበቃ፣ የካሸርነት ወይም የሾፌርነት ሥራ ተገኘ ሲባል ሱቁ ምን እንደሚሸጥ ማወቅ ከደመወዙ ይቀድማል። መኮንን ፊት ሲቀርቡ ደግሞ መዋሸትም ሆነ ያለ ጠበቃ ምክር ማመን ሁለቱም ጉዳት አላቸው፤ ስለዚህ ምክሩ ከቀጠሮው በፊት መገኘት አለበት።

ዜጎችንም የሚነኩ ወሰኖች አሉ፤ ከእነርሱ ውስጥ እኛን አብልጦ የሚመለከተው የከባድ መኪና ሹፌሮች ጉዳይ ነው። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) የያዘ ሰው የሚመረመረው በፌደራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ ነው፤ ስቴቴ ፈቅዶልኛል፣ ሐኪም አዝዞልኛል ቢልም ተቀባይነት የለውም። ውጤቱ በፌደራሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ከኖቬምበር 18 ቀን 2024 ጀምሮም መዝገቡ እንዳይነዳ የሚከለክለው ሹፌር ስቴቱ ሲዲኤሉን እንዲነሣው ይገደዳል። የቤት ኪራይ ድጎማ የሚያገኝ ቤተሰብና የጦር መሣሪያ መግዛት የሚፈልግ ሰውም በፌደራሉ ሕግ ይያዛሉ። ወደ አገር ቤት የሚጓዝ ደግሞ ሻንጣውን በሚገባ ይፈትሽ፤ በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 መሠረት ማሪዋና ይዞ መግባት ከባድ ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል ነው።

የአክስቴ ልጅ በዚያን ቀን ቡናው ሳያልቅ ወደ ክፍሉ ገብቶ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ይዞ ወጣ። ከ2014 ጀምሮ ሜሪላንድ ከ10 ግራም በታች መያዝን በገንዘብ ቅጣት ብቻ እንዲታለፍ ካደረገች በኋላ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የተሰጠችው የቅጣት ወረቀት ነበረች፤ እናቱ እስከዚያ ድረስ አታውቅም ነበር። አልተቆጣችውም። በዚያው ሳምንት የዜግነት ማመልከቻውን መሙላት አቁሞ፣ ከፍርድ ቤቱ የመዝገቡን መጨረሻ የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂ ጠየቀ፤ ቅጂው ሲደርሰውም ወረቀት ለሚሞላ ሰው ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጉዳይ ለሚሠራ ጠበቃ ወስዶ አሳየ።