የአደራ ልጅና አሳዳጊዎቹን ጅማ ላይ እንዴት እናግዝ

ጎረቤታችሁ የአደራ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ካለ ወይ ራሳችሁ ለመውሰድ እያሰባችሁ ከሆነ ይሄን አንብቡት። እኛ ቤት አንድ የስምንት አመት ልጅ በአደራ መጥቶ ሁለት አመት ከምናምን አብሮን ኖሯል፣ የምፅፈው ከዛ የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ አደራና ጉዲፈቻ አንድ አይደሉም። አደራ ጊዜያዊ ነው፣ ልጁ ዘመዶቹ ተገኝተው እስኪመለስ ወይ ቋሚ ቤተሰብ እስኪያገኝ ድረስ ነው። ጉዲፈቻ ግን ፍርድ ቤት አፅድቆት ልጁ የናንተው ልጅ የሚሆንበት ነው። ቃሉም ስርአቱም ከኦሮሞ ባህል የመጣ ስለሆነ እዚህ ለማንም አዲስ አይደለም። ለኛ ለሙስሊሞች ደሞ የቲም፣ ማለትም አባቱ የሞተበት ልጅ ማሳደግ ትልቅ ኸይር ነው፣ ግን ልጁ በአባቱ ስም እንደተጠራ ይቀጥላል፣ ስለዚህ አደራው ከዲናችን ጋር ይሄዳል። በ2010 በአዋጅ 1070 የውጭ ሀገር ጉዲፈቻ ቀርቷል፣ ስለዚህ ቤተሰብ ያጣ ልጅ ቤት የሚያገኘው እዚሁ እኛ ጋ ነው።

መናኸሪያ ያገኛችሁትን ልጅ አዝናችሁ ዝም ብላችሁ ቤት እንዳትወስዱ። የሚፈልገው እናት ሊኖረው ይችላል። ፖሊስ ወይ ቀበሌ አሳውቁ፣ ከዛ የሴቶችና ህፃናት ጉዳይ ፅህፈት ቤት ሂዱና ልጁ እናንተ ጋ በአደራ መቀመጡን የሚገልፅ የተፈረመ ወረቀት ያዙ። ወረቀቱ ትምህርት ቤት ይጠየቃል፣ ህክምና ላይ ይጠየቃል፣ ነገ ዘመድ ሲመጣም ያስፈልጋል። የልደት ካርድ ከሌለው አትደንግጡ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር ደረጃ የተጀመረው 2008 ላይ ስለሆነ ካርድ የሌለው ልጅ ብዙ ነው፣ ግን በጊዜ ጠይቁለት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የኛው ልጅ በመጣ በሳምንቱ ፍራሹን ሳነሳ አራት የደረቀ ዳቦና በላስቲክ የተጠቀለለ ቆሎ አገኘሁ። ሌባ ነው ብዬ አሰብኩ፣ አሁን ሳስበው ያመኛል። ልጁ ነገ ምግብ እንዳለ እርግጠኛ ስላልነበረ ነው። ከዛ በኋላ ኩሽና ውስጥ እሱ የሚደርስበት ቦታ አንድ ክዳን ያለው ሳህን አስቀመጥንና ይሄ ያንተ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን መብላት ትችላለህ አልነው። መጀመሪያ በየሰአቱ እየሄደ ከፍቶ ያይ ነበር፣ ዳቦው እንዳለ አይቶ ይከድነዋል፣ ሳይበላ ይመለሳል። ፍራሹ ስር መደበቁን ያቆመው ከወራት በኋላ ነው። አልጋ ማርጠብም እንደዛው ነው፣ በዱላና በስድብ ይብሳል እንጂ አይቆምም፣ ማታ ፈሳሽ ቀነስ አድርጎ አንሶላውን ሰው ሳያይ ማጠብ ነው። ዝም ያለ፣ ሁሉን እሺ የሚል ልጅም ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ እንዳይባረር ፈርቶ ነው።

ትምህርት ቤት ደሞ ሌላ ጉድ አለ። አንዴ አስተማሪያቸው ደብተር ልታድል ክፍል ውስጥ ወላጅ የሌላችሁ እጃችሁን አውጡ ብላለች፣ ለደግ ብላ ነው፣ እሱ ግን እጁን ሳያወጣ ያለ ደብተር መጣና ሶስት ቀን አልሄድም አለ። ስለዚህ ትምህርት ሳይጀመር ሄዳችሁ የክፍሉን አስተማሪ ለብቻ አነጋግሩ፣ የሚሰጥ ነገር ካለ ለአሳዳጊው ይሰጥ በሉ። ከዳውሮ ወይ ከከፋ በኩል የመጣ ልጅ ከሆነ ኦሮምኛውም አማርኛውም ሊከብደው ይችላል፣ ሰነፍ አትበሉት፣ ከሰፈሩ ልጆች አንዱ ከሱ ጋ የቤት ስራ ቢሰራ ከአስጠኚ ይበልጣል።

ጎረቤት የሆናችሁ ደግሞ ቡና ላይ ልጁ ቆሞ እየሰማ "ይሄ የማን ልጅ ነው? እናቱስ?" አትበሉ። ፎቶውን አንስታችሁ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ። እርዳታ ደሞ ለረመዳንና ለበአል ብቻ አይሁን፣ ያኔ ቤቱ በልብስና በዘይት ይሞላል፣ ሀምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታና እህል ሲወደድ ግን የሚያንኳኳ የለም። በወር አንድ ኪሎ ስኳር ወይ ሳሙና ሳታቋርጡ ብትሰጡ ይሻላል። የጤና መድን ደብተራቸው ላይ ልጁ ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቁ፣ በእድራችሁም አንሱት። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ከልጆቻችሁ ጋ ወስዳችሁ አሳዳጊዋ ትንሽ ትረፍ፣ ወላሂ እኔን ከብር በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ዝም እንዳትሉ። በአደራ ስም መጥታ ሰራተኛ የሆነች ልጅ አለች፣ የቤቱ ልጆች ደብተር ይዘው ሲወጡ እሷ ጀሪካን ይዛ የምትወጣ። አይታችሁ ከሆነ የቤቱን እመቤት በሽማግሌ አናግሯት፣ ካልሰማች ፅህፈት ቤቱ ጋ ሂዱ። ወንድምና እህት ከሆኑም እንዳይነጣጠሉ ተከራከሩላቸው።

መለያየት ሲመጣ ልጁን በድንገት አታስነሱት። የኛውን አክስቱ ተገኝታ ልትወስደው ስትል ሶስቴ መጥታ አብራው ዋለች፣ አንዴም እሷ ጋ አድሮ መጣ። ሳህኑን ይዞ ሄደ፣ ስልክ ቁጥራችንን ደብተሩ ሽፋን ላይ ፃፍንለት። አርብ ማታ ይደውላል፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ድመቷ ነው።