ሹሩባ ግንባርን ሲያስሸሽ፦ ብዙዎቻችን የምንሠራቸው ስህተቶች

በበዓል ዋዜማ ፒያሳ ፀጉር ቤት ወረፋ የያዘች ሴት ይህን ታውቃለች። ጠዋት 2 ሰዓት ትገቢያለሽ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ትወጫለሽ። ቅንድብሽ ሽቅብ ተስቧል። ስትስቂ ግንባርሽ ያምሻል። ማታ ፓራሲታሞል ውጠሽ፣ ጭንቅላትሽን የት እንደምታሳርፊው ጠፍቶሽ ታድሪያለሽ። እኔ ለዓመታት እንዲህ ነበርኩ። አንድ ቀን ለመታወቂያ ፎቶ ልነሳ ስቀመጥ ፎቶ አንሺው "ጆሮሽ ይታይ፣ ፀጉርሽን ወደ ኋላ አድርጊው" አለኝ። ፎቶው ሲወጣ ደነገጥኩ። ከሁለቱም ጆሮዎቼ ፊት ለፊት ፀጉሬ ሸሽቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፀጉር ሥር ያለማቋረጥ ሲጎተት ይቆጣል። ፀጉሩ ይሳሳል፣ ከዚያ ይረግፋል። መጎተቱ እዚያ ላይ ካቆመ መልሶ ይበቅላል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ይሞትና ቦታው በጠባሳ ይተካል። ከጠባሳ ላይ ፀጉር አይበቅልም። "ይመለሳል ወይ?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ወሳኙ ምን ያህል ጊዜ እንደተጎተተ ነው።

ሕመሙን ችሎ መቀመጥ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። "ካልጠበቀ አይቆይም" ይሉናል፣ እኛም እናምናለን። አንዳንዴ ራሳችን ነን "ጠበቅ አድርጊው፣ ብዙ ይቆይልኝ" የምንለው። ለሰባት ሰዓት ተቀምጠሽ፣ ያን ያህል ብር ከፍለሽ፣ በሁለት ሳምንት እንዲፈታ ማን ይፈልጋል?

ግን ሕመም የጥራት ምልክት አይደለም። ሥሩ ከመጠን በላይ እየተጎተተ መሆኑን የሚነግርሽ ነው። ከሹሩባው ሥር ቆዳው እንደ ድንኳን ሽቅብ ተወጥሮ ከታየሽ፣ ወይም በማግስቱ ግንባርሽ ዳር ብጉር የሚመስሉ ትንንሽ እብጠቶች ካወጣሽ፣ ሳምንት አትጠብቂ። እዚያው የሚያመውን መስመር ፍቺው። ሙሉውን መፍታት የለብሽም፤ የፊተኛውን ረድፍ ብቻ መፍታት ብዙ ያድናል። ፓራሲታሞሉ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ሹሩባውን አያላላውም።

ወንበሩ ላይ እያለሽ መናገር ደግሞ ነውር አይደለም። "የግንባሩን ላላ አድርጊልኝ፣ ዳር ዳሩን ስሱን ፀጉር ተዪልኝ" በያት። አንዳንዷ ትኮሳተራለች። ትኮሳተር። መጀመሪያ ስናገር እኔም አፍሬ ነበር።

ጥፋቱን ሁሉ በሹሩባ ላይ መጣል

ሹሩባ ብቻውን ጠላት አይደለም። የሚጎዱት ጥበቱ፣ ክብደቱና የቆይታው ርዝመት ናቸው። የገዛ ፀጉር ላላ ተብሎ ሲሠራ አንድ ነገር ነው፤ እስከ ወገብ የሚደርስ ዊግ ተጨምሮበት ሲንጠለጠል ሌላ። ዊጉ ሲረጥብ ደግሞ ክብደቱ ይብሳል። በየቀኑ ፀጉርን በላስቲክ ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጎ ማሰርም ያው ነው። ድሬድም ሲከብድ ይጎትታል።

ይህን "የጥቁር ሴት ችግር" አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ያናድዱኛል። በመጎተት የሚመጣው ይህ የፀጉር መርገፍ መጀመሪያ በ1907 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው በግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነው፤ ፀጉራቸውን ጥብቅ አድርገው ወደ ኋላ ያስሩ ነበር። ፀጉራቸውን ጥብቅ አድርገው ጠቅልለው ጥምጣም በሚያስሩ የሲክ ወንዶች ላይም ይታያል። ቆዳው የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ የሚያውቀው መጎተትን ነው።

ሪላክስ ተቀብቶ ወዲያው መሠራት

ሪላክስ ፀጉርን የሚያቃና ኬሚካል ነው፤ ፀጉሩን ያዳክመዋል። በዚያ ላይ ሲጎተት ይበጠሳል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ልዩነት ይኑረው፤ አለዚያ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ። ከፒያስትራና ከካስክ ሙቀትም ፀጉሩ ዕረፍት ያስፈልገዋል።

የሸሸውን በሌላ ዊግ መሸፈን

ይሄን እኔም አድርጌዋለሁ። ፎቶውን ካየሁ በኋላ ያደረግኩት የመጀመሪያው ነገር ወደ ሐኪም መሄድ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። ፊት ለፊት ይበልጥ የሚሸፍን ሹሩባ ተሠራሁ። አንድ ዓመት ያህል እንዲሁ አለፈ። በሙጫ የሚለጠፈውና በክሊፕ የሚያዘው ሂውማን ሄርም (ከሰው ፀጉር የተሠራው) ያንኑ የደከመ ዳር ይዞ ይጎትታል። መሸፈን ካለብሽ ላላ ያለ ሻሽ ይሻላል፤ ከውስጡ ለስላሳ ጨርቅ ቢኖረው ደግሞ ጥሩ ነው።

ልጅ ሲያለቅስ "ዝም በይ፣ ልታምሪ ነው" ማለት

መስከረም ሊጠባ ሲል፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል በየሰፈሩ የምንሰማው ልቅሶ ነው። የልጅ ፀጉር ስስ ነው። ጨሌውም ይከብዳል። ወፈር ወፈር ያለ፣ ጥቂት፣ ላላ ያለ ሹሩባ ይበቃታል። ያመማት ልጅ እውነቷን ነው።

ቅቤ፣ ጉሎ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት

ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል። ጉሎ ዘይትም እንደዚሁ። ከደከመ ሥር ፀጉር እንደሚያበቅሉ ግን የተረጋገጠ ነገር የለም። ሲቀቡ በኃይል ማሸት ደግሞ ጭራሽ ያረግፋል። ነጭ ሽንኩርት አትንኪ፤ ቆዳ ያቃጥላል። ጎረቤቴ በራሷ ላይ ሞክራው ሳምንት ሙሉ በነጠላ ተከናንባ ነው የከረመችው።

ፋርማሲ የሚሸጠው ሚኖክሲዲል የሚባል የሚቀባ መድኃኒት የተለየ ነው፤ ሥሩ በሕይወት ካለ ሊያግዝ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉር ይበልጥ ሊረግፍ ይችላል፤ ብዙዎች ደንግጠው የሚተዉት ያኔ ነው። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አይሆንም። ሐኪም ሳታናግሪ አትጀምሪው። ደግሞም እየጎተትሽው ሚኖክሲዲል መቀባት በተሸነቆረ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

በወሩ ተስፋ መቁረጥ

ፀጉር በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተጎዳ ሥር ደግሞ ከዕረፍት እስኪነቃ ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ ፍርድ የሚሰጠው ከ3 እስከ 6 ወር ቆይቶ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በየወሩ መጀመሪያ፣ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። መስታወት በየቀኑ ማየት ያሳብዳል እንጂ ለውጥ አያሳይም።

ቆዳውን ልብ ብለሽ እዪው። ትንንሽ ቀዳዳዎችና ስስ ፀጉሮች ከታዩሽ ጥሩ ተስፋ አለ። ቀዳዳ የሌለው፣ ልስልስና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ከመድኃኒት ይልቅ የፀጉር ንቅለ ተከላ ነው የሚነሳው፤ ያም መጎተቱ ካላቆመ ከንቱ ድካም ነው።

ሁሉንም መርገፍ አንድ አድርጎ ማየት

ከወሊድ በኋላ በሦስተኛው ወር አካባቢ ከመላው ራስ የሚረግፈው ራሱ ይመለሳል። የብረት ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ፀጉር ያረግፋሉ። ክብ ክብ እየሠራ የሚሄድ ከሆነ ላሽ ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ላይ ደግሞ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፤ እሱ ይተላለፋል። የጥብቅ ሹሩባው ዓይነተኛ ምልክት ግን ከግንባር ጀርባ ይሳሳና ጫፉ ላይ ስስ የፀጉር መስመር መቅረቱ ነው። ሕመም፣ መግል ወይም ማሳከክ ካለ የቆዳ ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

እኔ በመጨረሻ ፈታሁት። የቆዳ ሐኪሟ በማጉያዋ አይታ "በግራ በኩል ሥሩ አለ፣ በቀኝ ግን ጥቂቱ ሄዷል" አለችኝ። በ5ኛው ወር በግራ በኩል እንደ ሕፃን ፀጉር የመሰለ ነገር ብቅ አለ፤ ዛሬ ሞልቷል። በቀኝ በኩል የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ባዶ ቀርታለች። ፀጉሬን ወደዚያ በኩል አጋድሜ አበጥራለሁ።