የሞተር ሳይክል ካም ልትቀይሩ ነው? ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ሀዋሳ ላይ ሞተር ማፍጠን የብዙ ወጣት ፍቅር ሆኗል። መጀመሪያ ማርሚታ ይቀየራል፣ ቀጥሎ የአየር ማጣሪያ፣ ከዚያ ተራው የካምሻፍት (በአጭሩ ካም፣ የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ) ይሆናል። ማርሚታው ካልተስማማችሁ በግማሽ ሰዓት ፈታችሁ የድሮውን ትመልሳላችሁ። ካም ግን እንደዚያ አይደለም። ሳይታሰብበት የተገዛ ካም ገንዘብ ይበላል፣ አንዳንዴም ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ጋራዥ ውስጥ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ትልቁን ካም መምረጥ

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ልጆቹ ይመጡና "ጋሼ፣ ትልቁን ነው የምፈልገው" ይሉኛል። "የት ነው የምትነዳው?" ስላቸው መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ ከመናኸሪያ አቶቴ፣ ከአቶቴ ፒያሳ፣ አንዳንዴ ቱላ። ከኋላ ሰው ጭነው፣ በባጃጅና በብስክሌት መሀል እየተሹለከለኩ። ወንድሞቼ፣ ለዚህ መንገድ ትልቅ ካም ጠላት ነው!

ምክንያቱን ልብ በሉ። ካም የሚወስነው ቫልቩ ምን ያህል እንደሚከፈትና ለምን ያህል ጊዜ ክፍት እንደሚቆይ ነው። የመጀመሪያው ሊፍት፣ ሁለተኛው ዱሬሽን ይባላል። ትልቅ የሚባለው ካም ማስገቢያውን ቫልቭ ዘግይቶ ይዘጋል። ከፍተኛ ዙር ላይ ይሄ ይጠቅማል። አየሩ በፍጥነት እየመጣ ስለሆነ ፒስተኑ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ በኋላም መግባቱን አያቆምም። ዝቅተኛ ዙር ላይ ግን ያ ፍጥነት የለም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ቫልቩ ገና አልተዘጋም፣ ስለዚህ የገባውን ድብልቅ መልሶ ወደ ካርቡሬተሩ ይገፋዋል። ለመታመቅ የሚቀረው ትንሽ ነው። ሞተሩ ከቆመበት ሲነሳ ይለግማል፣ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው) ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚን ይጠጣል። እኛ ደግሞ ቤንዚን ለማግኘት ስንት ወረፋ እንደምንጠብቅ ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ ከፍታውን ጨምሩበት። ሀዋሳ ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባህር ዳርቻ አየር በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ሞተራችን ገና ሳይነካ በቂ አየር አያገኝም፣ እናንተ ደግሞ የገባውን እንኳ መልሶ የሚያስወጣ ካም ትገጥሙለታላችሁ። ዱባይ ወይም ሙምባይ፣ ባህር ጠረፍ ላይ ተሞክሮ በቪዲዮ ያያችሁት ካም እዚህ እንደዚያ አይሠራም። ወደ ሀገረ ሰላም ሽቅብ የምትወጡ ከሆነማ ልዩነቱ ይብሳል። ትልቅ ካም የግድ ከሆነ የሞተሩ እመቃም አብሮ ከፍ መደረግ አለበት፣ እሱ ደግሞ ሌላ ሥራና ሌላ ወጪ ነው።

ሰው እያመላለሰ የሚተዳደር አንድ ልጅ አውቃለሁ። ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ትልቁን ካም ሌላ ቦታ አስገጥሞ መጣ። ባዶውን ሲነዳው በደቂቃ ከ7,000 ዙር በላይ በእርግጥ ይበራል። ሰው ሲጭን ግን ትንሽ ዳገት ላይ እንኳ በሁለተኛ ማርሽ አልወጣ አለው። የድሮውን ካም አልጣለውም ነበርና መልሰን ገጠምንለት። በማግስቱ ሥራው ላይ ነበር። የፋብሪካውን ካም በዘይት ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ አትሽጡት።

ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቹ የህንድ ሞተሮች ሲዲአያቸው (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው ሳጥን) ከተወሰነ ዙር በላይ እሳቱን ይቆርጣል። የገዛችሁት ካም ጉልበቱን የሚያወጣው እሳቱ በሚቆረጥበት አካባቢ ከሆነ ያንን ጉልበት አታገኙትም።

ከመግዛታችሁ በፊት ለተወሰኑ ቀናት የዙር መቁጠሪያውን እያያችሁ ንዱ። መርፌው አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 6,000 መሀል ከሆነ ሊፍቱ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ዱሬሽኑ ግን ከፋብሪካው ብዙም ያልራቀ ካም ፈልጉ። ልዩነቱ በየዕለቱ ይታወቃችኋል።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማመን

"ይሄ 280 ነው፣ ያኛው 240 ብቻ ነው" ብሎ የዱሬሽን ዲግሪ አወዳድሮ መምረጥ ያሳስታል። አንዱ አምራች ዱሬሽን የሚቆጥረው ቫልቩ ገና ነቅነቅ ሲል ጀምሮ ነው። ሌላው 1 ሚሊ ሜትር ከተከፈተ በኋላ ይጀምራል። ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ዓይነት ካም ሊሆኑ ይችላሉ። በስንት ሚሊ ሜትር ላይ እንደተለካ የማይናገር ካርቶን ምንም አልነገራችሁም። ማስገቢያው ቫልቭ በስንት ዲግሪ እንደሚዘጋ የሚገልጽ ወረቀት ካለው መጀመሪያ እሱን አንብቡ።

የሞተሩን ዓይነት ሳያውቁ መግዛት

ብዙዎቹ የቻይና 125 እና 150 ሲሲ ሞተሮች የሆንዳ ሲጂ 125 ቅጂ ናቸው። የነሱ ካም ያለው ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ላይ ሳይሆን ታች፣ ክራንኩ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዋና ዘንግ) አጠገብ ነው። በጥርስ ይዞራል፣ ሮከሮቹን (ቫልቮቹን የሚጫኑትን ክንዶች) የሚገፋው በሁለት ረጃጅም ዘንጎች ነው። አንዷ የካም ጉብታ ሁለቱንም ቫልቭ ታንቀሳቅሳለች። ካሙ ቴስታታው ላይ ሆኖ በሰንሰለት የሚዞርበት ሞተር ደግሞ ሌላ ነው። ውጪው ተመሳሳይ ስለሚመስል ሰው ከመርካቶ በስልክ አዝዞ የማይገጥም ዕቃ ይላክለታል። ቴስታታውን ሳታዩ አትዘዙ።

ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስሞረድ

የካም ጉብታ ላዩ ጠንካራ ነው፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ብረት ነው። ጠንካራው ሽፋን ስስ ስለሆነ ሲሞረድ ያልቃል፣ ከዚያ ሮከሩ ለስላሳውን ብረት ይበላዋል። በብየዳ አሙልቶ ማስሞረድ ደግሞ ዘንጉን ሊያጣምመው ይችላል። የካም መሞረጃ ማሽንና ማጠንከሪያ የሌለው ቶርኖ ቤት ምንም ያህል ጎበዝ ባለሙያ ቢኖረው ይሄን ሥራ አትስጡት።

ሳይለኩ መግጠም

ሊፍት ሲጨምር ቫልቩ ወደ ፒስተኑ ይጠጋል። ከሻሸመኔ መንገድ በመኪና ተጭኖ የመጣ ሞተር ከፍቼ ነበር። ማስገቢያው ቫልቭ ጎብጧል፣ ፒስተኑ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ተቀርጿል። ባለቤቱ ካሙን ያስገጠመው በዚያው ሳምንት ነበር። በጣም አዘንኩለት፣ ምክንያቱም ይሄ በልጆች ፕላስቲን የሚታወቅ ነገር ነው።

አሠራሩ ይሄ ነው። ቴስታታው ወርዶ ሳለ ፒስተኑ ላይ፣ ቫልቮቹ በሚያርፉበት ቦታ ፕላስቲን ለጥፉ። እንዳይጣበቅ የቫልቮቹን ፊት ዘይት ቀቡ። ቴስታታውን በአሮጌው ጓርኒሲዮን መልሳችሁ እሰሩ፣ የቫልቭ ክፍተቱን (በሮከሩና በቫልቩ መሀል ያለውን) አስተካክሉ፣ ከዚያ ክራንኩን በእጅ፣ ቀስ ብላችሁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ከከበደ አቁሙ፣ በጉልበት አትግፉ። ከፍታችሁ ፕላስቲኑን በምላጭ ቁረጡትና የሳሳውን ቦታ በካሊፐር ለኩ። ማስገቢያው ጋ ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ማስወጫው ጋ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ከሌለ ያ ካም ለዚያ ፒስተን አይሆንም።

ሞላውንም አትርሱ። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የሞላው ጥቅልሎች ከተነካኩ የሆነ ነገር ይሰበራል። የደከመ ሞላ ደግሞ ከፍተኛ ዙር ላይ ቫልቩን በሰዓቱ አይመልሰውም።

አዲስ ካም በአሮጌ ሮከር

ፊቱ የተበላ ሮከር አዲሱን ካም ይፍቀዋልና አብራችሁ ቀይሩ።

ምልክቱን በአንድ ጥርስ መሳት

ካሙና ክራንኩ እንዲገጣጠሙ የተደረገ ምልክት አለ። የካሙ ስፕሮኬት (ሰንሰለቱ የሚያዞረው ባለ ጥርስ ጎማ) 32 ጥርስ ካለው አንድ ጥርስ መሳት ማለት በክራንክ ሲቆጠር 22.5 ዲግሪ መሳት ነው። ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፣ ግን ጉልበት የለውም። ብዙ ሰው ካሙን ሲረግም ጥፋቱ የምልክቱ ነው። የሰንሰለቱ መወጠሪያ ከተመለሰ በኋላ ምልክቱን ደግማችሁ እዩ።

ካርቡሬተሩን እንዳለ መተው

ካም ከተቀየረ የሚገባው አየርም ይቀየራል። ነድታችሁ ካንዴላውን ፍቱ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ በዝቶበታል። ጄቱን (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በዚያ ልክ ቀይሩ።

አስነስቶ ሚኒሞ ላይ መተው

ጉብታዎቹንና ሮከሮቹን ወፍራም ዘይት ሳትቀቡ አትግጠሙ። ሞተሩ እንደተነሳ ሚኒሞ ላይ አትተዉት፣ ዘይቱ ወደ ላይ በደንብ እንዲደርስ ለጥቂት ደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ ያዙት። ከዚያ አጥፉትና ይቀዝቅዝ። በቀዝቃዛው የቫልቩን ክፍተት እንደገና ለኩ፣ ዘይቱን ቶሎ ቀይሩ፣ 500 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ደግሞ ክፍተቱን አንዴ ድገሙት። ማስወጫው ጋ ክፍተቱ ሰፍቶ ካገኛችሁት መጀመሪያ የሮከሩን ፊት ተመልከቱ።