የቴክሳስ ትኬትና የኦንላይን ዲፌንሲቭ ድራይቪንግ ኮርስ፦ ችግሩ የት ነው፣ መፍትሄውስ?

አንዲት እናት የትራፊክ ትኬት ክሱ እንዲዘጋና የመንጃ ሪከርድ ላይ እንዳይገባ የሚወሰደውን የዲፌንሲቭ ድራይቪንግ (የጥንቃቄ አነዳድ) ኮርስ ሰርተፍኬት በፕላስቲክ አድርገው፣ እኔን ለማስተርጎም አስከትለው ዳላስ አካባቢ ወዳለ የከተማ ፍርድ ቤት ሄዱ። መስኮቱ ላይ ያለችው ጸሐፊ ወረቀቱን አየችና መለሰችላቸው። "እትዬ፣ ኮርሱን ከመጀመርዎ በፊት ፍርድ ቤቱን አስፈቅደው ነበር?" ስላቸው፣ "ምን አስፈቅዳለሁ ልጄ፣ ሰዉ ሁሉ ኮርስ ውሰጂ እንጂ አስፈቅጂ አላለኝም" አሉኝ። ትኬቱ ላይ የተጻፈው የመልስ ቀንም አልፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትኬት ይዞ ለሚደውልልኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ መጀመሪያ ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎ ኮርስ። እዚህ የማነሳቸው አብዛኞቹ ችግሮች ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ የሚመጡ ናቸው። የምጽፈው ስለ ቴክሳስ ነው፤ ሌላ ስቴት ሕጉ ሌላ ነው።

"ትኬቱን ኦንላይን ከፍያለሁ፣ አሁን ኮርሱን ልውሰድ"

ምክንያቱ፦ ቅጣቱን መክፈል ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ማመን ነው። የከፈሉ ዕለት ጥፋቱ ሪከርድዎ ላይ ይገባል፣ ኮርሱ የሚሰርዘው ነገርም አይኖርም።

መፍትሄው፦ ገና ካልከፈሉ ክፍያ የሚለውን አይንኩት። ትኬቱ ላይ የፍርድ ቤቱ ስምና መልስ የሚሰጡበት የመጨረሻ ቀን አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ "ጥፋተኛ ነኝ" ወይም "አልከራከርም" ብለው ኮርስ ለመውሰድ ይጠይቁ። በአካል መሄድ ይቻላል፤ በብዙ ቦታ በኦንላይንም ይሆናል። በፖስታ የሚልኩ ከሆነ የመድረሻ ደረሰኝ ባለው ሰርቲፋይድ ሜይል ይላኩና ደረሰኙን አይጣሉ። ከቅጣቱ ፋንታ የፍርድ ቤት ወጪ ይከፈላል፤ በብዙ ከተሞች 144 ዶላር ገደማ ነው፣ ጥፋቱ ትምህርት ቤት አካባቢ ከሆነ 25 ዶላር ይጨመርበታል። የኮርሱ ክፍያ ለብቻው ነው።

ከፍለው ከሆነ ዛሬውኑ ፍርድ ቤቱ ጋ ወይም ጠበቃ ጋ ይደውሉ። የይግባኝ ጊዜ የሚቆጠረው በቀናት ነው።

ቀኑ ያለፈበት ሰውም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ። ጉዳዩ የመጨረሻ ውሳኔ እስካላገኘ ድረስ ዳኛው የመፍቀድ ሥልጣን አለው። እኒያ እናት ዳኛው ፊት ቀርበው ተፈቅዶላቸዋል፤ ኮርሱን ግን እንደገና ከመጀመሪያው ተቀምጠውበታል።

ፍርድ ቤቱ "አይፈቀድልህም" አለኝ

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፍጥነቱ ነው። ከተፈቀደው በ25 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ፣ ወይም 95 ማይል የደረሰ ሰው ኮርሱ አይፈቀድለትም። ሠራተኞች ባሉበት የመንገድ ሥራ ቦታ የተፈጸመ ጥፋት፣ የቆመ የተማሪ አውቶቡስ ማለፍ፣ ገጭቶ መሄድም እንዲሁ። ከጥፋቱ ቀን ወደ ኋላ በ12 ወር ውስጥ ለሌላ ትኬት ኮርስ ወስደው ከነበረም ይከለከላሉ። የቴክሳስ መንጃ ፈቃድና ስምዎ ያለበት ኢንሹራንስ ደግሞ የግድ ነው። ከቨርጂኒያ ወይም ከሜሪላንድ መጥተው የድሮውን መንጃ ፈቃድ ይዘው የሚነዱ ሰዎች እዚህ ላይ ይያዛሉ። እነሱ ዲፈርድ የሚባለውን መንገድ ይጠይቁ፤ ዳኛው ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ጥፋት እንዳይኖር አዝዞ፣ ሲፈጸም ክሱን የሚዘጋበት ነው።

በጣም የሚያሳዝነኝ የሲዲኤል፣ ማለትም የንግድና የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ጉዳይ ነው። ስንቱ ወንድማችን ከባድ መኪና ነው የሚነዳው። "እኔኮ የተያዝኩት በትንሿ መኪናዬ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት ላደርስ ስሄድ ነው" ይላሉ። ለውጥ የለውም። የፌዴራል ሕግ ስቴቶች የሲዲኤል ባለቤትን ጥፋት በኮርስም ሆነ በዲፈርድ እንዳይሸፍኑ ይከለክላል፤ የሚታየው መንጃ ፈቃዱ ነው፣ መኪናው አይደለም። ሲዲኤል ያለው ሰው ለኮርስ ብር አያውጣ። ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ ጉዳዩን መከራከር ነው ያለው፤ ለዚህ ደግሞ በትራፊክ ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ ቢይዝ ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም። እንጀራው ያለው እዚያ ሪከርድ ላይ ነውና።

ኮርሱ ውስጥ "ቀጣይ" የሚለው አይከፈትም

ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። ኮርሱ በሕግ የስድስት ሰዓት ነው፣ እረፍቱ ውስጡ ሆኖ። ስለዚህ ገጾቹ ላይ ሰዓት አለ፤ ጽሑፉን በሁለት ደቂቃ ቢጨርሱም ሰዓቱ ዜሮ ሳይደርስ አያልፍም። ገጹን ደጋግመው ሪፍሬሽ ካደረጉ ቆጠራው ከመጀመሪያው ሊጀምር ይችላል። በአንድ ስልክ ወይም በአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ ገጽ ብቻ ይሥሩ። በአንድ ቀን መጨረስም የለብዎትም፤ ወጥተው ማታ ወይም ነገ መመለስ ይቻላል።

ሌላው የሚያቆመው የማንነት ጥያቄ ነው። ሲመዘገቡ "የመጀመሪያ መኪናህ ቀለም ምን ነበር?" ዓይነት ጥያቄ ይጠይቅዎታል፤ መሀል ላይ ድንገት መልሶ ይጠይቃል። ካልገጠመ ይዘጋብዎታል። የመጀመሪያ መልስዎን በጻፉበት ፊደል ልክ ወረቀት ላይ ገልብጠው አጠገብዎ ያስቀምጡ። ከተዘጋ መንጃ ፈቃድዎን ይዘው ለኮርሱ ድርጅት ይደውሉ። ሳይመዘገቡ በፊት ድርጅቱ ቲዲኤልአር ከሚባለው የቴክሳስ መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዳለው ያረጋግጡ፤ ፈቃድ የሌለው ሰርተፍኬት ፍርድ ቤት አይቀበለውም።

እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ወላጆች "ልጄ ይሥራልኝ" ይላሉ። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ለፍርድ ቤት የሚያስገቡት ወረቀት ላይ ምለው ይፈርማሉና ጉዳዩ ከትኬት የባሰ ይሆናል። ከመጀመርዎ በፊት ጥቂት ቃላት ይያዙ፦ "ራይት ኦፍ ዌይ" ቅድሚያ ማለት ነው፣ "ፎሎዊንግ ዲስታንስ" ከፊት ካለው መኪና የሚጠበቅ ርቀት፣ "ብላይንድ ስፖት" መስታወት የማያሳየው ቦታ። ፈተናው 70 ከመቶ ነው የሚፈልገው። ኦንላይኑ ጨርሶ ካልሆነልዎት አስተማሪ ፊት የሚሰጥ ክፍልም አለ።

ሰርተፍኬቱን ፍርድ ቤቱ መለሰው

መጀመሪያ ፊርማዎ መኖሩን ይዩ። ቀጥሎ የትኛውን ቅጂ እንደሰጡ፤ አንዱ የፍርድ ቤት፣ ሌላው የኢንሹራንስ ነው።

ከዚያ ስም። እኛ ላይ ይህ ይበዛል። ፀጋዬ የሚባል ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ በቲና በኤስ፣ ፖሊሱ የጻፈው ትኬት ላይ በቲ ብቻ፣ ኮርሱ ላይ ደግሞ ራሱ በችኮላ በኤስ ብቻ ይጽፈዋል። የአያት ስም አንዱ ወረቀት ላይ ይገባል፣ ሌላው ላይ ይቀራል። ለጸሐፊዋ ሦስቱ ሦስት ሰው ናቸው። ሲመዘገቡ መንጃ ፈቃዱን ፊት ለፊት አስቀምጠው ፊደል በፊደል ይገልብጡ፤ የፍርድ ቤቱን ስምና የትኬቱን ቁጥርም እንዲሁ። ከተሳሳተ የኮርሱ ድርጅት አርሞ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። በእስክሪብቶ ራስዎ እንዳያርሙት።

"ሪከርዱ ትክክለኛው አይደለም" አሉኝ

ፍርድ ቤቱ ከሰርተፍኬቱ ጋር የመንጃ ሪከርድ ይፈልጋል፤ የሚፈልገውም የተረጋገጠውን፣ ዓይነት 3ኤ የሚባለውን ነው። ብዙ ሰው ኤ የሌለበትን 3 ይገዛል፣ ዋጋው ትንሽ ስለሚቀንስ። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የቴክሳስ መሥሪያ ቤት፣ ዲፒኤስ፣ በኦንላይን ይሸጠዋል። መንጃ ፈቃዱ ላይ ከዲዲ ፊደላት ቀጥሎ ያለውን ረጅም ቁጥር ይጠይቅዎታልና ካርዱን አጠገብዎ ያድርጉት።

"90 ቀኑ አለፈኝ"

ከተፈቀደልዎ በኋላ ኮርሱን ጨርሰው ወረቀቶቹን ለማስገባት ያለዎት ጊዜ 90 ቀን ነው። ካለፈ ፍርድ ቤቱ ቀርበው ምክንያትዎን እንዲያስረዱ ይጠራዎታል። ይሂዱ። ሆስፒታል ተኝተው ከነበረ ወይም ሐዘን ላይ አገር ቤት ከርመው ከሆነ የሐኪም ወረቀቱን፣ የአውሮፕላን ትኬቱን ይዘው ይቅረቡ፤ ዳኛው ጊዜ ሊጨምር ይችላል። ካልቀረቡ ቅጣቱ ይወሰናል፣ ጥፋቱም ሪከርድ ላይ ይገባል።

መጥሪያው ያልደረሳቸው አሉ፤ አፓርታማ ቀይረው አድራሻ ስላልቀየሩ ነው። ቤት ሲቀይሩ በ30 ቀን ውስጥ ለዲፒኤስ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ክፍት ጉዳይ ካለ ደግሞ ለፍርድ ቤቱም ለብቻው ይንገሩ።

ወረቀቶቹን ሲያስገቡ የደረሱበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ወይም ኢሜይል ይቀበሉ፣ የሁሉንም ቅጂ ያስቀሩ። ሁለት ሳምንት ቆይተው የጉዳይ ቁጥሩን ይዘው ይደውሉና ክሱ መዘጋቱን ይጠይቁ፤ "ገና አልተነካም" ካሉዎት ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይዘው መስኮቱ ጋ ይመለሱ።