ከከባድ የሌሊት ተረኝነት በኋላ እንዴት ቤት እንደሚገባ

የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። የምጽፈው ለሙያ ጓደኞቼ ነው። ቤታችሁ ነርስ ወይም ሐኪም ካለ ግን እናንተም አንብቡት።

መጀመሪያ ርክክቡን በጽሑፍ ጨርሱ። በቃል ብቻ ያስረከባችሁት ነገር ልክ እንቅልፍ ሊወስዳችሁ ሲል ይመጣል። «የአልጋ 6ን ፖታሲየም ነግሬያታለሁ ወይስ ረስቻለሁ?» እያልኩ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ስንቴ ደውያለሁ!

ታጠቡ፣ ልብስ ቀይሩ።

ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው። ሌሊቱን ሰው ከሞተባችሁ ብቻችሁን ወደ ታክሲ አትሩጡ። አብሯችሁ ካደረ አንድ ሰው ጋር 10 ደቂቃ ተቀመጡ።

እኔ ይሄን ያበላሸሁት ሕፃን ልጅ ያጣን ሌሊት ነው። ጠዋት ሁሉንም ሰብስቤ በሩን ዘጋሁ። «እያንዳንዳችሁ ያያችሁትን ተናገሩ፣ ካልወጣላችሁ ውስጥ ውስጡን ይበላችኋል» አልኩ። የረዳሁ መስሎኝ ነበር። ተራው አንዲት ጀማሪ ነርስ ጋ ደረሰ። ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም። የጓንቱን ጣቶች አንድ በአንድ እየሳበች ትለቃቸዋለች። ቃል አልወጣትም። እኔ ደግሞ «እሺ፣ ቀጥይ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ኮሪደር ላይ ስታየኝ መንገድ ትቀይር ነበር።

ቆይቼ ነው ያነበብኩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ፣ ሰውን የደረሰበትን እንዲዘረዝር አታስገድዱት ይላል። ሥራው ሦስት ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። በእኛ ቤት ሲተረጎም ይሄ ነው፦ ሻይ ይዛችሁ ሂዱ። «በልተሻል? በምን ትሄጃለሽ? ቤት ሰው አለ?» በሉ። ካወራች ስሙ። ዝም ካለች ሻያችሁን ጠጡ። «የእግዜር ሥራ ነው» ለማለት አትቸኩሉ፣ እሷም ታውቀዋለች። ቤት ማንም ከሌለ እህቷ ጋ ወይም ጓደኛዋ ጋ አብራችሁ ደውሉ።

ቡና ላይ ጨካኝ ነኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የጠጣችሁት ካፌይን ግማሽ ያህሉ ጠዋት 4 ሰዓት ላይም ሰውነታችሁ ውስጥ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ተዉት። ለመተኛት ብሎ አረቄ መቅመስ ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ይጥላችኋል እንጂ እንቅልፉ እንቅልፍ አይሆንም። መስኮቱን በወፍራም ጋቢ ሸፍኑ። ስልክ ሌላ ክፍል ይደር፣ ማለቴ ይዋል።

እንቅልፍ ማጣቱ፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣቱ፣ በሽተኛውን «ያ አልጋ 9» እያሉ መጥራቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ባለሙያ ጋ ሂዱ። መሞት ካማራችሁ ግን ሁለት ሳምንት የለም፤ ያኔውኑ ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ በዚያው ቀን ታዩ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። ስሙን ለቀልድ የምንጠራው ነገር እኛን የጤና ባለሙያዎቹን ራሱ በሩ ላይ ያስቆመናል። እኔም ሁለቴ ከበሩ ተመልሻለሁ።

ትንፋሽ መቁጠሩ፣ ስልክ ላይ የሚጫነው ማረጋጊያ፣ ይሄ ሁሉ መጥፎ አይደለም። የሰው እጥረትን ግን አይሞላም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መሰላቸትን፣ በርንአውት የምንለውን፣ የመዘገበው እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር እንደተያያዘ ክስተት ነው። ስለዚህ የተረኝነት ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት የነርሶች ኃላፊዋ ጋ ግቡና «ሦስት ሌሊት በተከታታይ አልችልም» በሉ። እሱንም በጽሑፍ፣ አንድ ኮፒ ለራሳችሁ አስቀርታችሁ።