ዜሮ ማለት ሰላም ማለት አይደለም፦ በመብት ጥሰት ክትትል ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መረጃ ሰብሳቢ የወሩን ሪፖርት ሲያስረክበኝ፣ ከሠንጠረዡ አንዱ ረድፍ ላይ ጣቱን አሳርፎ «ይህ ክልል ደህና ነው፤ ምንም ጥሰት የለም» አለኝ። በዚያ ክልል የነበሩት ሁለት ባልደረቦቻችን ሥራ ካቆሙ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። አንደኛው የሄደው ተዝቶበት ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ስህተት ይህ ነው። ጠበቃና ጋዜጠኛ የሚደርስበት፣ ስልክ የሚሠራበት ከተማ አቤቱታ ይበዛበታል። ሰው ለመናገር በሚፈራበት ቦታ ግን ማንም አይደውልልንም። ክልሎችን በቁጥር ብቻ ካወዳደርን የተናገረው አካባቢ «የባሰ»፣ አፉ የተዘጋው «የተሻለ» ሆኖ ይወጣል፤ በአፈና ሥር ያሉትን ሰዎች እኛው ራሳችን ሁለተኛ ጊዜ ጸጥ አሰኘናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ስንት ሰው እንዳሰማራን፣ ስንት ወረዳ እንደደረስን፣ መንገዱ ወይም ኔትወርኩ ስንት ቀን ተዘግቶ እንደነበር ይጻፍ። ያልደረስንበት ቦታ «አልተደረሰም» ይባል እንጂ ዜሮ አይሞላበት። በየሳምንቱ ሦስት አራት አቤቱታ ይመጣበት የነበረ አካባቢ ድንገት ጭጭ ካለ ደግሞ፣ እኔ በማግስቱ ሰው እልካለሁ።

ቁስል መፈለግም ሌላው ጥፋት ነው። ድብደባ ሲሆን ቅጹ ይሞላል፤ ማስፈራራት ሲሆን «ምንም አልደረሰበትም» ይባላል። አንድ ገበሬ የነገረኝን አልረሳውም። የአካባቢው ሹም ማታ ቤቱ መጥቶ ተቀመጠ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ ደህንነታቸውን ጠየቀ፤ የምርጫውን ቀን አስታውሶት ሄደ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረም። ገበሬው ግን ከዚያ ወዲህ ስብሰባ የሚባል ነገር ደጃፍ አልደረሰም። እንዲህ ያለውን ቃል በቃል ጻፉት፦ ማን መጣ፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ ምን አለ፣ ሰውየውስ ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ ተወ? «ተዋክቧል» የሚል አንድ ቃል ለማንም አይጠቅምም። ከእርዳታ እህል ወይም ከማዳበሪያ ዝርዝር ስም መሰረዝም እዚሁ ይመዘገባል። ማሰቃየትን በተመለከተ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ በ2022 የተሻሻለው የኢስታንቡል ፕሮቶኮል (ማሰቃየት እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚመዘገብ የሚያስረዳው የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ) የአካል ምልክት አለመገኘቱ ድርጊቱ አልተፈጸመም ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጣል።

ከሪፖርት ላይ ስም መሰረዝ ብቻውን ቃል ሰጪውን አይሰውርም። ይህን ያወቅሁት ሰው ጎድቼ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንዲትን ቃል ሰጪ ስም ሰርዤ «የትምህርት ቤቱ ብቸኛ ሴት የሂሳብ መምህር» ብዬ ጻፍኩ። ሪፖርቱ በወጣ በአራተኛው ቀን ደወለችልኝ። አልተቆጣችም፤ «እኔ መሆኔን አውቀዋል» ብቻ አለችኝ። ዛሬም ረቂቅ የማነበው እንደዚያ ሰፈር ሰው ሆኜ፣ «ይህን ሊናገር የሚችለው ማን ነው?» እያልኩ ነው። ፈቃድም አንድ ጊዜ ተጠይቆ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ቃሏ እንዲጻፍ የፈቀደች ሴት እንዲታተም ወይም ለፍርድ ቤት እንዲሰጥ ፈቅዳለች ማለት አይደለም።

አንድን ድብደባ ሦስት ሰዎች ስለነገሯችሁ ሦስት ድብደባ አድርጋችሁ አትቁጠሩ።

ምስክሮችን በቡድን አታነጋግሩ፤ አንዱ የሌላውን ይደግማል፣ በመካከላቸውም ጆሮ ጠቢ ሊኖር ይችላል።

ፎቶ በመልእክት መተግበሪያ ሲላላክ የተነሳበትን ሰዓትና ቦታ የሚያሳየው መረጃ ብዙ ጊዜ ተገፎ ይቀራል። ዋናውን ፋይል ሳትነኩ አስቀምጡ፤ ከማን፣ መቼ፣ በምን መንገድ እንደደረሳችሁም መዝግቡ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የበርክሌይ ፕሮቶኮል የተባለ መመሪያ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ከሆኑ ምንጮች የሚገኝ የዲጂታል ማስረጃ አያያዝን በዝርዝር ያስረዳልና ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡት።

በመጨረሻም ለቃል ሰጪ «ፍትሕ ታገኛለህ» አትበሉ። ከልባችሁ አዝናችሁ እንደምትሉት አውቃለሁ፤ ልጁ የተወሰደበት አባት ፊት ተቀምጦ ዝም ማለት ይከብዳል። ግን የእኛ ሥራ ቃሉን በትክክል መጻፍ፣ ማን እንደሚያነበው መንገርና እመለሳለሁ ባልንበት ቀን ተመልሶ መሄድ ነው።