ማሽኑ ከመተከሉ በፊት ሠራተኞቹን ጠይቁ

ጅማ ውስጥ የቡና መፈልፈያ ወይም ማበጠሪያ ላላችሁ። አዲስ ማሽን ልታስገቡ ከሆነ ከመትከላችሁ በፊት ሠራተኞቹን ሰብስቡና ይህን ጠይቁ፦ «ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ማሽኑን ሲወትፈው የሚያጸዳው ማነው? እጁን የት ያስገባል?»

ማጥፊያው መቀመጥ ያለበት እዚያው ሰውዬው አጠገብ ነው። ሩቅ ከሆነ ሰው ሳያጠፋ እጁን ይሰዳል። በጣም የሚያሳስበኝ ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ማሽኑ በራሱ ሊነሳ ይችላል። መብራት እንደጠፋ ዋናው ማጥፊያ ይዘጋ። በጽዳት ሰዓት ደግሞ ቁልፍ ይግባበት። የቁልፉ መክፈቻ አለቃው ጋ ሳይሆን የሚያጸዳው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን። ቺንጋውም (የሞተሩ ቀበቶ) ሽፋን ይኑረው፤ ነጠላ ከያዘ ሰውን ይዞ ይሄዳል።

ክንድ ርቀት ላይ ላለ ሰው መጮህ ካስፈለገ ድምፁ ጆሮ የሚጎዳ ነው። የጆሮ መከላከያ ስጡ። አሠሪው የመከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያስገድዳል።

መጥፎውን ፍሬ በእጅ የሚለዩት ለቃሚዎች ሲያጎነብሱ እንዳይውሉ ጠረጴዛውን እስከ ክርናቸው ከፍ አድርጉት።

የምታስገቡት ቡናን በቀለም የሚለይ ማሽን ከሆነ ለቃሚዎቹ ወሬውን ከሰው አይስሙት፤ እናንተው ቀድማችሁ ንገሯቸው። የማሽኑንም ሥራ መጀመሪያ ለእነሱ አስተምሩ። ጥቁሩን፣ የተነቀዘውን፣ የሻገተውን ፍሬ ለዓመታት በዓይናቸው ሲለዩ የኖሩት እነሱ ናቸው። ማሽኑ የሳተውንም ቶሎ የሚያዩት እነሱው ናቸው።